ለፋፊው ገሠሠና ፖላንዳዊው እድርተኛ

ጋሽ ገሠሠ ስልክ ሲደውል ሰው ይቀመጣል። ቆሞ የሚያነሳለት የለም። አንድ ጊዜ የሚስቱን የሶስናን እህት "እንኳን ተወለድሽ" ሊላት ደውሎ፣ ገና ስሟን ሲጠራ የያዘችውን ድስት ለቀቀችው። ሌላ ጊዜ መኪናው ተበላሽቶበት ለጋራዡ ሰውዬ የድምፅ መልእክት ተወለት። ሰውዬው ከአሜሪካዋ ጆርጂያ ወጥቶ የማያውቅ ፈረንጅ ነው፤ መልሶ ሲደውል መጀመሪያ ያለው ግን "በጣም አዝናለሁ" ነበር።

ድምፁ የውርስ ነው። አባቱ ናዝሬት ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ነፍተው፣ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!" ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ገሠሠ ጎርምሶ ድምፁ ሲወፍር የወጣለት ቁርጥ የአባቱ ድምፅ ሆነ። ሰፈሩ "ሽማግሌው ሁለት ሆኑብን" አለ። በኋላ በእግሩ ሱዳን ገባ፣ ገዳሪፍ ሻይ ሸጠ፣ በስደተኛ ወረቀት ክላርክስተን ደረሰ። መሃል ከተማው ሚድታውን፣ ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በመስታወት ቤት ተቀምጦ ብዙ ዓመት ትኬት ተቀበለ። ከሶስና ጋር ተጋብተው ፓይን ሌክ ላይ ቤት ገዙ። አሁን በራሱ ቫን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ በሽተኞችን ወደ ሆስፒታል ያመላልሳል። በሽተኞቹ ይወዱታል፤ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑታል፤ እየነዳ እንዳያወራ።

እዚያ አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አንድ ላይ እድር ሲያቋቁሙ ለፋፊ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ገሠሠን አየው።

የመጀመሪያው እድርተኛ የሞተ ጊዜ ታዲያ ጋሽ ገሠሠ ነገሩን በወጉ ሊያደርገው ፈለገ። ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ጥሩምባ ገዛና፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሳይነሳ፣ ፓይን ሌክ ዳር ቆሞ ነፋው። ፓይን ሌክ እኮ ከተማ ትባላለች እንጂ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከዳር እስከ ዳር "ይማርህ" የሚባልባት ቦታ ናት። ሁለት ፖሊሶች ከተፍ አሉ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ሰው መሞቱን እየተናገርኩ ነው።"

ፖሊሶቹ እጃቸውን ወደ ቀበቷቸው ሰደዱ። "ማን ገደለው?"

"ስኳር።"

"ስኳር የሚባለው ሰው አሁን የት ነው ያለው?"

ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ከጎን ካለው ቤት አንድ ረጅም ሽማግሌ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነው። ፖሊሶቹን አልፈው በቀጥታ ወደ ጋሽ ገሠሠ ሄዱና፣ "ሁለተኛውን ድምፅ ለምን ቶሎ ትቆርጠዋለህ?" አሉት። "አንደኛው ሰውን ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ነው የሚያስለቅሰው። አስረዝመው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ገሠሠ ጥሩምባውን ትቶ በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት መለፈፍ ያዘ። ሽማግሌውም ወዳጁ ሆኑ።

አቶ ሌሼክ ድሮዝዶቭስኪ ይባላሉ፤ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። የተወለዱት በደቡብ ፖላንድ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ እስኪደርቅ ግራጫ በሚሆንበት የከሰል ድንጋይ ከተማ ነው። አባታቸው በአዘቦት ቀን ከመሬት በታች ከሰል ይቆፍራሉ፣ እሑድ እሑድ አኮርዲዮን ይጫወታሉ። የዓለም ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉድጓዱ ተናደባቸው። አለቆቹ ቆፍሮ ማውጣቱ ሥራ ያስተጓጉላል ብለው የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ደፈኑት። አስከሬን የለም፣ ቀብር የለም። ያን ሳምንት አንድ ሚኒስትር ከተማውን ይጎበኝ ስለነበር ለእናታቸው "ድምፅ አውጥተሽ እንዳታለቅሺ" ተብሎ ተነገራቸው። ሌሼክ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ።

አድገው ሙዚቃ ተማሩ። መንግሥትም አዲስ ለተሠራ የሲሚንቶ ፋብሪካ ማርሽ እንዲጽፉ አዘዛቸው። የሲሚንቶ ፋብሪካ! አቶ ሌሼክ ትንሽ አሰቡና የአገራቸውን የቀብር ዜማ ወስደው ፍጥነቱን እጥፍ አደረጉት። ከበሮና ጥሩምባ ጨመሩበት። በምረቃው ቀን ባለሥልጣናቱ በጭብጨባ አጀቡት፤ አንዱማ ተነስቶ ዘለለ። ከኋላ የቆሙ አሮጊቶች ብቻ ዜማውን አውቀውት ቀስ ብለው አማተቡ። ደራሲው ሜዳሊያ ተሸለሙ። ለዓመታት ፋብሪካው በየማለዳው ራሱን በድምፅ ማጉያ ሲቀብር ኖረ። በኋላ አንድ ቀናተኛ የሥራ ባልደረባቸው ሸክላውን በጣቱ ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ እንዲዞር ቢያደርገው ጉዱ ወጣ። አቶ ሌሼክም ሻንጣቸውን ይዘው አገር ለቀቁ፤ ተንከራትተው ተንከራትተው ጆርጂያ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሙዚቃ መምህር ሆኑ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉት ሙዚቃ ብዙ ነው፤ ሰሚው ግን ጥቂት ነው። አንድ ኮንሰርታቸው ላይ ከተመልካቹ ተጫዋቹ ይበዛ ነበር ይላሉ፤ ዝናብ ስለጣለ ነው ብለው ይጨምራሉ። ከሁሉ የሚወዱት ለአባታቸው የጻፉትን ነው፤ "ላልተቀበረ ሰው" ይባላል። ለቫዮሊን፣ ለቼሎና ለትልልቆቹ ባሶች የተጻፈ ነው። አገራቸው ሳሉ የመጀመሪያው ልምምድ ሊጀመር ሲል ታገደ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ "ለሚቀጥለው ዓመት" ይባልላቸዋል። ስለዚህ ያንን ሙዚቃ በዓለም ላይ በሙሉ ድምፁ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸው፣ ያውም በጭንቅላታቸው ውስጥ። ለሌላው ሰው የሚያሰሙት ቤታቸው ባለው ፒያኖ ነው። ሶስና አንድ ቀን ቁጭ ብላ ሰማችና "አሁን ሊጀምር ነው?" ብላ ስትጠይቅ አልቆ ነበር።

እድርተኛ የሆኑት ደግሞ እንዲህ ነው። የጋሽ ገሠሠ ታላቅ ወንድም አገር ቤት ማረፉ ተሰማና መርዶ ተነገረ። ቤቱ በሰው ሞላ። አቶ ሌሼክም መጥተው አንድ ጥግ ተቀመጡ፤ ሲቀርብላቸው ንፍሮ ቆረጠሙ፤ በማግስቱም መጡ፣ በሠልስቱም መጡ። በመጨረሻ ጠየቁ።

"ፓን ገሠሠ፣" አሉት፤ እንደ እኛ "አቶ" ማለት ነው፤ "አስከሬኑ የት አለ?"

"አገር ቤት ተቀበረ።"

"ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ሊያደርጉ መጡ?"

"ሊቀመጡ።"

"ማን አስገደዳቸው?"

"እድሩ። የቀረ ይቀጣል።"

አቶ ሌሼክ የጨበጡት ንፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ። "እኛ አገር ኮንሰርት ለሚመጣ ሰው ቋሊማ ይታደል ነበር፤ ያም ሆኖ አይመጣም። የቀረውን መቅጣት እንዴት ለማንም አልታየውም?"

በሚቀጥለው ስብሰባ አባልነት ጠየቁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ተስፋዬ መነጽራቸውን ሰክተው ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አባል ሐበሻ ይሁን የሚል አንቀጽ የለም። ተጨብጭቦ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በእድሩ ውስጥ በሰዓቱ የሚደርሰው ብቸኛ አባል እሳቸው ሆኑ። እንዲያውም ባለለቅሶው ሳይመጣ ቀድመው ደርሰው በር ላይ የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጸደይ ሚድታውን ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለአቶ ሌሼክ ሙዚቃ ሊፈቅድ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "ላልተቀበረ ሰው"ን በነፃ ሊጫወቱ ተስማሙ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ወንበር ግን አስቀድሞ ሪዘርቭ ይደረጋል። ኮንሰርቱ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስተባባሪዋ፣ ትሑት ሴት፣ ደወለችላቸው። ወንበሩ ያልተያዘ ከሆነ ተማሪዎቹን ከማስቸገር፣ እርስዎ ራስዎ ምድር ቤት ባለችው ክፍል በፒያኖ ቢያሰሙን ይሻላል አለቻቸው።

አቶ ሌሼክ ይህን ለጋሽ ገሠሠ በአጥሩ ላይ ተደግፈው ነገሩት። አልተቆጡም። "ፓን ገሠሠ፣" አሉ፣ "አባቴን እንደገና ከመሬት በታች ሊያደርጓቸው ነው።"

ጋሽ ገሠሠ አትክልት የሚያጠጣበትን ጎማ ጣለው። "ስንት ወንበር ነው የጎደለው?"

"የጎደለውስ ይቅር። የተያዘው የእኔና ያንተ ነው።"

"እስከ ሐሙስ ጠብቂ በሏት። አዳራሹን እኔ እሞላዋለሁ።"

ሰው በአንድ ጎማና በአንድ አጥር መካከል ቆሞ እንዲህ ያለ ቃል መስጠት መቻሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

በመጀመሪያ በቅንነት ሞከረ። ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ "ውድ እድርተኞች፣ አባላችን አቶ ሌሼክ ቅዳሜ የሙዚቃ ኮንሰርት ስላላቸው በነፃ ተጋብዛችኋል።" የአውራ ጣት ምልክት ዘነበ። ዑመር፣ የክላርክስተኑ ባለ ሱቅ፣ "ምግብ አለ?" ብሎ ጻፈ። የምሥራች፣ በየለቅሶው ደረት የምታስመታዋና በየሠርጉ እልልታ የምታቀልጠው፣ "ዘፋኙ ማነው?" አለች። ዘፋኝ የለም። "እስክስታስ?" የለም። "ታዲያ ሰውዬው ምን ሊያደርጉ ነው?" ወንበር የያዘ አንድም ሰው አልተገኘም።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ሶስና ባሏ እንጀራውን ሲቆራርስ እንጂ ሲጎርስ አለማየቷ አሳዘናት።

"ምን ታስባለህ? የእኛ ሰው እንደሆነ ታውቀዋለህ። ለደስታ ሲጠሩት ያረፍዳል፣ ለኀዘን ግን ሳይጠሩት ይደርሳል።"

እንዲሁ ለማጽናናት ያለችው ነው። ጋሽ ገሠሠ ግን ቀና ብሎ አያት። በኋላ ስትናገር "ዓይኑን ሳየው ያልኩትን መልሼ ልውጠው ፈለግኩ" ትላለች።

ሐሙስ ጠዋት ቫኑ ውስጥ ገባ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ለግሩፑ ድምፅ ቀዳ፦ "እድርተኞች! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ስለ አባላችን ስለ አቶ ሌሼክ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚድታውን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንድትገኙ። አድራሻው ከታች አለ። ወንበር ዛሬውኑ ሪዘርቭ አድርጉ። የቀረ ይቀጣል!"

ሶስና ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። "ምን አደረግክ አንተ ሰው?"

"አንዲት ውሸት አልተናገርኩም። ድገሚና ስሚው።"

"ቃሉ አልዋሸም! ድምፅህ ነው የዋሸው! በዚህ ድምፅ ጠርተኸን ያልሞተ ሰው አለ?"

ስልኩ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ነፍስ ይማር።" "ወይኔ አቶ ሌሼክ!" "ትናንት ስለ ኮንሰርት አልነበር እንዴ የምናወራው!" ዑመር "ኢናሊላሂ፤ ምግብ አለ ብዬ መጠየቄን አውፍ በሉኝ" አለ። ጋሽ ገሠሠ ሊያስተካክል ጣቱን ማይኩ ላይ አሳረፈ። ሶስናም ቆማ ትጠብቃለች። በዚያው ቅጽበት፣ አቶ ሌሼክ ቁጥሩን ሰጥተዋት ኖሮ፣ ከአስተባባሪዋ ቴክስት ገባ፦ "ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ወንበሩ እያለቀ ነው!" ጣቱን አነሳ።

የቀረው ነገር አቶ ሌሼክ እንዳይታዩ ማድረግ ነበር፤ እሱንም ዕድል ራሱ ሠራለት። ለልምምድ እንዲቀርባቸው አስተባባሪዋ እስከ ቅዳሜ ሚድታውን ቤቷ አሳረፈቻቸው። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰካ የድሮ ስልክ ነው። ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ እድርተኛው ለቅሶ ለመድረስ ወዴት ይሂድ? ጎረቤታቸው ዘንድ። ያን ዕለት ከሰዓት የጋሽ ገሠሠ ቤት በራፍ ላይ መኪና ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ።

የምሥራች ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ይዛ ገባች። አቶ ተስፋዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

"አሟቸው ነበር እንዴ?" አሉ።

"ኧረ እስከ ትናንት ደህና ነበሩ" አለ ጋሽ ገሠሠ። እውነቱን ነው።

"ሰው ምን አለ!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

"እግዜር ያጥናህ ገሠሠ፤ አንተ ነህ እንግዲህ ቤተሰባቸው" አሉት አቶ ተስፋዬ።

"እናንተንም ያጥናችሁ" አለ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፤ "ቅዳሜ ጥናት ያስፈልጋችኋል።"

ሶስና ሳቋ ሲያመልጣት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የምሥራች እያለቀሰች መስሏት አቀፈቻት።

ቅዳሜ እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እናቴ በዚህ ዕድሜዬ ጥቁር ሸሚዝ አስለብሳ ይዛኝ ሄዳ ነበር። የሚድታውን እግረኛ መንገድ በዚያን ቀን ምን ይመስል እንደነበር እንዴት ልንገራችሁ? ፀሐይ ነው፤ ወጣቱ ውሻውን ይዞ ቡናውን በወረቀት ኩባያ እየጠጣ ይሄዳል። በመካከሉ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጥቁር ኮት የለበሱ ወንዶች በዝምታ ይፈስሳሉ። ፎቆቹ ራሳቸው ዞር ብለው የሚያዩ ይመስል ነበር። በር ላይ አንዲት ፈገግተኛ ልጅ የፕሮግራም ወረቀት ታድላለች፤ ሽፋኑ ላይ የአቶ ሌሼክ ፎቶ አለ። የምሥራች ፎቶውን ሳመችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጅቷ "ተዝናኑ!" አለቻት።

"ተዝናኑ? ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ?" አለች የምሥራች ወደ እኛ ዞራ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ወንበሮችና የኖታ ማስቀመጫዎች ተደርድረዋል። ዑመር ወደ አቶ ተስፋዬ ጠጋ ብሎ፣ "አስከሬኑ የት ነው?" አለ።

"በኋላ ያመጡት ይሆናል፤ የፈረንጅ ሥርዓት ነው።"

ተማሪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወጥተው ቦታቸውን ያዙ። ጥቁር ስለለበሱ "የሙዚቀኛ እድርም አለ ማለት ነው" አለ ከእኛው አንዱ። ጋሽ ገሠሠ ከመድረኩ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ላቡ ይወርዳል። ከዚያ የጎኑ በር ተከፈተ። አቶ ሌሼክ፣ ቀይ ክራቫት አሥረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ቀስ ብለው ወጡና ወደ እኛ ዞሩ። አዳራሹን ከፊት እስከ ኋላ አዩት። አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

የምሥራች ጮኸች። እሪታ ነው። አንድ ባስ የያዘ ተማሪ መጫወቻ ቀስቱ ከእጁ ወደቀበት። ከኋላ የነበሩ ሰዎች እያማተቡ ወደ በሩ አፈገፈጉ፤ ዑመር ዱዓ ያደርጋል። "ሕያው ናቸው!" የሚል አለ፣ "ወንድማቸው ይሆናሉ!" የሚል አለ። ቀጥሎ ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ አቶ ተስፋዬ ተነሱ።

"ገሠሠ የት አለ?"

ያ ስም ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሰው ኮቱን ያነሳ ጀመር። በሕያው ሰው ተላቀሰናል፣ ሥራ አስፈቅደን መጥተናል፣ በእድር ይቀለዳል ወይ? ወንበሩ ቋ ቋ እያለ ከኋላ በኩል ሊለቅ ሆነ። አቶ ሌሼክ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ሰው ተነስቶ ሲሄድ ግን ያውቁታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ነገር ነው። ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉና፣ ለተማሪዎቹ በእጃቸው "ተዉት፣ ግዴለም" የሚል ምልክት ሰጡ።

ያን ጊዜ ጋሽ ገሠሠ መድረኩ ላይ ወጣ።

"እድርተኞች!" አለ።

ቀልድ አይደለም፤ የወጡት ሁሉ በር ላይ ቆሙ።

"አቶ ሌሼክ አልሞቱም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምትቀጡኝን ቅጡኝ። ግን ለቅሶ አለ። የሞቱት አባታቸው ናቸው።"

"የአቶ ሌሼክ አባት?" አሉ አቶ ተስፋዬ። "መቼ ነው ያረፉት?"

"እሳቸው ልጅ ሳሉ።"

"ምን? እና አሁን ነው የምትነግረን?"

"እድር አልነበራቸውማ!" አለ ጋሽ ገሠሠ፤ ድምፁም ተሰነጠቀ። "የከሰል ጉድጓድ ተናደባቸው። ሳያወጧቸው አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት። ሚስታቸውን አታልቅሺ አሏት። ሰው አልተቀመጠላቸውም። ንፍሮ አልተቀቀለላቸውም። ልጃቸው ይህን ሙዚቃ የጻፈው ለዚያ ነው፤ ዛሬ ሰው ካልተቀመጠ ደግሞ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚጫወቱት። አስከሬኑ የት አለ ትሉኝ እንደሆነ፣ የእኔም ወንድም አስከሬን አልነበረም። ተቀምጣችሁልኛል።"

አቶ ተስፋዬ መነጽራቸውን አውጥተው ሰኩ፤ የሚያነቡት ነገር ግን አልያዙም፤ ደንቡ በቃላቸው ነው።

"የአባል አባት ሲሞት እድሩ ይደርሳል" አሉ ቀስ ብለው። "መቼ የሞተ እንደሆነ ደንቡ አይልም።"

"መርዶ ቢዘገይም መርዶ ነው" አለች የምሥራች ዓይኗን እየጠረገች። "የሰውዬው ስም ማነው?"

ጋሽ ገሠሠ ወደ አቶ ሌሼክ ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው። "ዩዜፍ" አሉ እሳቸው፣ ምን እንደተባለ ግራ ገብቷቸው።

"ዮሴፍ ናቸው!" ብሎ ነገረን። አዳራሹ በሙሉ "ነፍስ ይማር" አለና ተቀመጠ።

ሙዚቃው ጀመረ። ባሶቹ አንድ ድምፅ ያዙ፤ ያዙና አልለቀቁም። እዚያ ድምፅ ላይ ሰው ሊቀመጥበት ይችል ነበር፤ እኛም ተቀመጥንበት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ ሰዓቴን ያየሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች አንድ ነገር ሲጀምር የሚጠብቁ አልነበሩም። ለቅሶ ቤት ምን ይጀመራል? ይቀመጣሉ እንጂ። ቼሎዎቹ ሲገቡ የምሥራች ሰውነቷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዝ ጀመር። ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲወጡ፣ በገመድ የሚጎተት ባልዲ ከጨለማ ጉድጓድ ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ፤ እናቴ "ወጡ፣ ወጡ" አለች በሹክሹክታ። የምሥራች በዝግታ ስሙን ጠርታ "ዮሴፍ፣ ከሰል የበላህ" ስትል ባሶቹ ከሥር ያዙላት። መድረኩን ለቀው ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ሌሼክ ድንገት ዞረው አዩዋት። የሰዎቹ ድምፅ ሙዚቃውን እንዳያበላሸው የፈራች አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ልታቆም ስትል፣ በእጃቸው "ቀጥዪ፣ ቀጥዪ" አሏት።

አለቀ። ተማሪዎቹ ቀስታቸውን እንዳነሱ ጭብጨባ ጠበቁ። ማን ያጨበጭባል? ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል እንዴ? ዝም አልን። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ አስተባባሪዋ እጇን ለማጨብጨብ አንስታ መልሳ አወረደች። ከዚያ አቶ ተስፋዬ ተነስተው ወደ ፊት ሄዱና ዝቅ ብለው የአቶ ሌሼክን እጅ ጨበጡ።

"እግዜር ያጥናዎት።"

ከኋላቸው ዑመር፣ ከዚያ የምሥራች፣ ከዚያ መላው እድር ተሰለፈ። የመድረኩን ተማሪዎች ሁሉ ሳይቀር አጽናናናቸው። አቶ ሌሼክ እያንዳንዱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው በፖላንድኛ ነበር የሚመልሱት። አስተባባሪዋ ለጋሽ ገሠሠ "እናንተ አገር ለሙዚቃ እንዲህ ነው የሚመሰገነው?" አለችው። "ጥሩ ከሆነ" አላት።

በማግስቱ እሑድ አቶ ሌሼክ በራቸውን ሲከፍቱ የእድሩ ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ እየተተከለ ነበር። ለቅሶ ሦስት ቀን ነው፤ የዘገየ ቢሆንም አይቀነስለትም። የምሥራች ንፍሮ ቀቀለች፤ ወንዶቹ ካርታ ተጫወቱ። ጋሽ ገሠሠ ላይ የተፈረደው ደግሞ በዚያው ድንኳን ሥር ነው፦ ቅጣቱን ከፍሎ፣ ከእንግዲህ ከመለፈፉ በፊት የሞተውን ሰው ስም፣ ሰውዬው መሞቱንም ጭምር፣ ለአቶ ተስፋዬ አስመዝግቦ እንዲያስፈቅድ። ይግባኝ አላለም።

በሠልስቱ ከሰዓት ድንኳኑ ሊነሳ ሰው ገመዱን ሲፈታ አቶ ሌሼክ ከወንበራቸው ተነሱ። መላጨታቸውንና ንጹሕ ሸሚዝ መልበሳቸውን ያኔ ነው ያስተዋልነው። ለአቶ ተስፋዬ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጋሽ ገሠሠም እየፈራ ተረጎመው።

"የእናቴም ለቅሶ አለ እያሉ ነው። ስትቀበር ዝናብ ስለነበር የመጣው ሰው ትንሽ ነው። ለእሷም የጻፉት አለ።"

አቶ ተስፋዬ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። "ርዝመቱ?"

ተጠይቆ መጣ። "ከአባታቸው ይረዝማል። እናት ናት ይላሉ።"

እድሩ በሙሉ ወደ መሬት አየ። ዑመር ሳል ቢጤ ሳለ። አቶ ተስፋዬ ደንቡን በአእምሯቸው ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ መውጫ የሚፈልጉ ይመስላል፤ አላገኙም።

"በመሃል እረፍት ይኑረው በላቸው" አሉ በመጨረሻ።